በቶብ ጫፍ የተቋጠረ ብርሃን

ቀይዋ ነጥብ ዛሬም እንጨቱን ሳታጨስ ቀረች።

ሙዳሲር ያለችውን አንዲት ሰማያዊ መነጽር ለሳብሪን ሰጥቶ፣ እሱ ፊቱን ወደ ሸምበቆው ግድግዳ አዙሮ ነበር ማብሪያውን የተጫነው። ያንን የሌዘር ብርሃን ያለ መነጽር ያየ ሰው ዓይኑን ያጣል። መነጽሩ ደግሞ ሁለት ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ የሚሠራው የእሱ እጅ፣ የሚያየው የእሷ ዓይን ሆነ። ስንት ሳምንት የደከመበትን ነገር ውጤት የሚሰማው ከእሷ አፍ ነው።

«እህ?» አለ፣ ከግድግዳው ጋር እንደሚነጋገር ሰው።

ሳብሪን ጎንበስ ብላ የእንጨቷን ቁራጭ አየች፤ ደግማ አየች። ጭስ የለም። ጠባሳ የለም። እንጨቱ ላይ ያረፈችው ነጥብ ቀይ መሆኗ ብቻ ነው፤ እንደ አሮጌ ሬዲዮ መብራት የደከመች።

«ሳብሪን፣ ጨሰ?»

«በርቷል» አለች። የሕመምተኛ ወሬ እንደሚያደርስ ሰው ቃሉን አለሳልሳ ነበር ያወጣችው። «ግን ፈዟል። እንደ ሌሎቹ ነው።»

ማብሪያውን ለቀቀና ዞረ። ዓይኗን ፈለገ። ሰማያዊው መስታወት ግን የእሷን ዓይን ደብቆ የራሱን ፊት መለሰለት፤ ላብ ያጠመቀው፣ የጠቆረ፣ የተሸነፈ ፊት። እሷ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና፣ ማንም አያየኝም ብላ፣ ጠግባ አየችው።

ሐጃ ዘቢብ ግን አዩ። መነጽር የልጃገረድ ዓይን ይሸፍን እንደሆነ እንጂ አንገቷን አይሸፍንም። የልጅ ልጃቸው አንገት ወደዚያ ልጅ እንደ ሱፍ አበባ ዘንበል ማለቱን፣ ከሸምበቆው ዳስ፣ ከራኩባው አፍ ላይ ከተዘረጋው የገመድ አልጋቸው ሆነው አዩና ልባቸው ድንግጥ አለ።

«ኻላስ፣ ይበቃችኋል» አሉ። «ዓይናችሁ ይጠፋል። ደግሞ እሱን ቀይ ነገር ወደ ሰማይ እንዳታዞሩት። ሰዉ ድሮን መጣ አልመጣ እያለ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ሰሞን፣ ከእነ ሐጃ ግቢ ቀይ መብራት ታየ ቢባል ማን ያድነናል?»

«ሐቦባ፣ እንጨት እንኳ ማጨስ አቅቶት ሰማይ የት ይደርሳል?» አለች ሳብሪን፤ አያቷን በሱዳኖቹ ቃል ሐቦባ ብላ ነው የምትጠራቸው። መነጽሩን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ሙዳሲር የሞተችውን ዳዮድ፣ የሌዘሩን ብርሃን የምታወጣውን፣ ከሰሌዳው ላይ ነቅሎ መዳፉ ላይ አኖረና አየው፤ ከሽምብራ ፍሬ የማትበልጥ ብረት፣ ሦስት ቀጫጭን እግር ያላት። ገዳሪፍ ሱቅ፣ በገበያው ውስጥ፣ ከተጣለ ኮምፒውተር ሁሉ ሆድ እየፈለገ፣ ዲቪዲ የሚጽፈውን ዕቃ እየፈታ ነው የሚያወጣት። አንዷን ለማግኘት ስንት ሬሳ ይገለብጣል። አግኝቶም ይኸው፣ በእጁ ላይ ትሞታለች።

ጣቱን ጨበጠ። ሐጃ ዘቢብ ያንን ጭብጥ አዩና፣ አንድ ጊዜ፣ ባልፈለጉት ሰዓት፣ አዘኑለት።

*

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሙዳሲር ከመተማ ወዲያ ማዶ የተሻገረ ልጅ ነው። ጎንደር ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሮኒክስ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ዓመቱ ሲከፋ ትቶት ወጣ። ቁረይሻ ማሽላ አጨደ፤ መፋዛ ከብት ጠበቀ፤ መጨረሻ ላይ ገዳሪፍ ሰሊጥ መጋዘን አታላ ሆነ፤ ከረጢት ተሸካሚ። ሳብሪን የሐጃ ዘቢብ የልጅ ልጅ ናት፤ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ ካርቱም ምሕንድስና ትማር የነበረች፣ ጦርነቱ ዩኒቨርሲቲውን ሲዘጋው በአንድ ሻንጣ ወደ አያቷ ቤት የተመለሰች። አጎቷ አኑዋር፣ የሐጃ ታናሽ ልጅ፣ በሱቁ መሐል ትልቅ የቤት ዕቃ ዱካን፣ መደብር አለው።

የተያዩት መጋዘኑ ደጃፍ ነው። አኑዋር ሒሳብ ሲጨርስ እሷ ጥላ ፈልጋ ቆመች። አንድ አቧራ የለበሰ አታላ በከሰል ግድግዳው ላይ ሽቦና ሳጥን እየሣለ ለጓደኛው ያስረዳል።

«ሬዚስተሩ ቦታው እዚያ አይደለም» አለች ከኋላው።

ዞሮ አያት። ፊቱ በሰሊጥ ገለባ ነጭ ሆኖ፣ ዓይኑ ብቻ ነበር የሚታየው። ከሰሉን ዘረጋላት። እሷም ተቀብላ አረመችው፤ ነጭ እጇ ጠቆረ። ያንን ጥቁር እጅ ቤት ድረስ ሳትታጠበው ነው የሄደችው።

ልጁ የሚሠራው ነገር ለሐጃ ዘቢብ ስንት ጊዜ ተነግሯቸው ስንት ጊዜ እንደገባቸው እንጃ። ከሁለት የሞቱ ፕሪንተሮች ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ክፈፍ አውጥቷል። ክፈፉ ላይ ሌዘር ይቀመጣል፤ ብርሃኑ እንጨትና ቆዳ እያቃጠለ ይጽፋል። የቁርኣን ቤት ልጆች ሰሌዳ ላይ፣ ጫማ ላይ፣ የሞባይል ልባስ ላይ ስም። እንዲህ ያለ ሥራ ገዳሪፍ ሱቅ ውስጥ የለም። ቀሪው ሌዘሩን የሚነዳው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ነው። ዳዮዷ ጠገብኩ አትልም፤ የሰጧትን ኤሌክትሪክ ሁሉ ጠጥታ ትሞታለች። ሰሌዳው እንደ ጥሩ ሞግዚት ልኳን መዝኖ ይሰጣታል፤ አይጨምር፣ አይቀንስ።

አኑዋር ልጁ ለምን እንደሚመላለስ ሳይገባው አልቀረም። አንድ ቀን ራት ላይ፣ ዳቦውን እየቆረሰ፣ ማንንም ሳያይ ተናገረ። «በሱቅ ውስጥ የራሱ ደጃፍ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ እሰማለሁ። ከረጢት ተሸካሚ፣ ያውም ሽማግሌ የሚልክ ወገን የሌለው መንገደኛ፣ አይጠይቀኝ። የከሰላ ከተማው ነጋዴ ልጁን ይዞ ሳብሪንን ሊጠይቅ ሊመጣ ነው። እስከዚያ የሚሠራውን ይሥራ፤ ከእማ ዓይን ሥር ግን አይውጣ።»

ሐጃ ዘቢብ እንግዲህ የእማ ዓይን ሆነው ተቀመጡ።

ሙዳሲር ለሳብሪን የነገራት ደግሞ ሌላ ነበር። ጓደኛው ካላዩ ከትግራይ ስደተኞች መጠለያ ወጥቶ ከአንድ ሰምሳሪ፣ ሰው ከሚያሻግር ደላላ ጋር ተስማምቷል። መኪናዋ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ማታ ወደ ሊቢያ ትነሣለች። «ብርሃኑ ከሠራ እቀራለሁ» አላት። «ካልሠራ፣ አጎትሽ ፊት በምን ፊቴ እቆማለሁ?»

ሐጃ ዘቢብ ይህንን የሰሙት አንገረባቸው፣ የገመድ አልጋቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። የሳብሪን አባት፣ የበኩር ልጃቸው፣ በዚያው መንገድ ነው የሄደው። ከበረሃው አንድ ቀን ደወለ፤ ድምፁ በነፋስ ተቆራርጦ «እማ፣ ደኅና ነኝ» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ብቻ ቀረ። ስለዚህ መንገደኛ ልጅ ሁሉ ለእሳቸው ሰው አይመስላቸውም፤ መንገዱ ራሱ ሰው ሆኖ የመጣ ይመስላቸዋል። መሄዱ ካልቀረ ቶሎ ይሂድ ነበር ጸሎታቸው። የልጅቱ ልብ ሥር ሳይሰድ። ነቅለው ሊያድኗት በሚችሉበት ጊዜ።

ክፋት አልነበረም። ፍርሃት ነበር። ፍርሃት ግን ቤት ውስጥ ሲቆይ የቤቱን ጌታ ይመስላል።

*

ዳዮዶቹን የሚያስቀምጡት እሳቸው ናቸው። ሙዳሲር የሚያድረው ብዙ አታላ ተደርድሮ በሚተኛበት ክፍል ስለሆነ፣ ትንሽ ነገር አይቆይለትም። ገና የመጀመሪያዋን ያገኘ ዕለት «የት ላስቀምጣት?» ብሎ ዙሪያውን ሲያይ፣ ሐጃ ዘቢብ እጃቸውን ዘረጉ።

«ወዲህ በላት። ከእኔ ዘንድ የጠፋ ዕቃ የለም።»

የቶባቸውን፣ ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበትን ጨርቅ፣ ጫፍ ሳቡ፤ እዚያው ከቤቱ ቁልፍና በረሃ ከቀረው ልጃቸው ቀለበት ጋር ቋጠሯት። ውድ ነገር ቦታው ቶብ ጫፍ ላይ ነው። ሴት ልጅ ሌባ የሚፈራው ሣጥን የላትም፤ ቋጠሮ ነው ያላት። ከዚያ በኋላ የመጡትም ሁሉ እዚያው ገቡ፤ ሥራው ሲደርስ ፈትተው ይሰጡታል።

ቶቡ አዲስ ነው። አኑዋር ከፖርት ሱዳን ያመጣላቸው፣ የሚያብለጨልጭ፣ ውሃ የማይዝ ጨርቅ። ሰሞኑን የበጋው ደረቅ ነፋስ ከሰሜን እየነፈሰ፣ ከንፈርና ተረከዝ በሚሰነጥቅበት ጊዜ፣ ጨርቁ እግራቸው ላይ እየተለጠፈ ሲራመዱ ያንሾካሹካል። የብረቱን በር በነኩ ቁጥር ደግሞ ጣታቸውን አንድ ነገር ቆንጠጥ ያደርጋቸዋል።

«ቢስሚላህ። አንተ ልጅ፣ ኤሌክትሪክህ ከሽቦህ አምልጦ በሬ ላይ ደርሷል» ይላሉ።

«ሐጃ፣ ከሶላሩ ባትሪ እስከ በሩ ሽቦ የለም እኮ።»

«ታዲያ ጅን ነው የሚቆነጥጠኝ? ቆንጣጩ አንተ፣ ተቆንጣጯ እኔ፤ ሌላ ማን አለ እዚህ?»

ሳብሪን ትስቅ ነበር። እሱም ይስቅ ነበር፤ እሷ ስትስቅ የሚያምርባትን ለማየት ነበር የሚስቀው። ይህ ገና ሁለተኛዋ ዳዮድ ሳትሞት ነው። ከዚያ በኋላ ሳቅ ከራኩባው ወጣ።

ሦስተኛዋ በሞተች ማግስት፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ጥሉ መጣ።

ሙዳሲር በሌዘሩ ቦታ ተራ ዳዮዶች ደርድሮ ሰሌዳውን ፈተነው። ቴስተሩን አስጠጋ። ቁጥሩ ልክ ነው። አጥፍቶ አበራ፤ ልክ ነው። ባትሪውን ቀየረ፤ ልክ ነው። ሙቀት የሚመጠውን አሉሚኒየም በእጁ ዳሰሰ፤ ለብ ከማለት አላለፈም። ሁሉም ነገር ልክ ነው፣ ውጤቱ ግን ሬሳ ነው። ሰው ስሕተቱን ሲያጣው እንደሚያብደው ያለ እብደት የለም።

«ካፓሲተሩ ነው» አለች ሳብሪን። «ቀድሞ ይሞላና፣ ዳዮዷ ስትገናኝ ያለውን ሁሉ በአንዴ ይዘረግፍባታል።»

«ሁልጊዜ እግሩን አነካክቼ ባዶ አደርገዋለሁ። አንቺ ፊት ነው ያደረግሁት።»

«እንግዲያው ብየዳው። ብረቱን አቆይተኸባታል፤ ሙቀቱ ነው የገደላት።»

«አላቆየሁም።»

«ሙዳሲር፣ ሰሌዳው ልክ ከሆነ፣ ዳዮዷም ደኅና ከነበረች፣ መሐል ላይ የቀረው እጅህ ነው።»

እጅህ ይንቀጠቀጣል ማለቷ ነበር። ቀን ሙሉ ከረጢት ተሸክመህ ደክሞህ ትመጣለህ፣ ዕረፍ፣ እኔ ልበይደው ማለቷ ነበር። ያ ሁሉ ርኅራኄ አፏ ላይ ሲደርስ አንዲት ቃል ብቻ ሆና ወጣች።

ሙዳሲር እጁን አየው። መዳፉ በከረጢት ሻካራ ተልጦ፣ ጠንክሮ፣ ስንጥቁ ውስጥ አቧራ ገብቶበታል።

«ልክ ነሽ» አለ። «የአታላ እጅ ነው። ከሰላ ያለው እጅ ይለሰልሳል ይባላል።»

«እኔ እንዲያ አልኩህ?»

«አላልሽም። ያላልሽውን ነው የሰማሁት።»

የመበየጃውን ብረት ከባትሪው ነቀለና ሳይሰናበት ወጣ። ሳብሪን አልጠራችውም። ኩራቷ ያዛት። ሐጃ ዘቢብ መጡና ራሷን ደረታቸው ላይ አስጠጉ። አባበሏት። እያባበሉም፣ ነገ ሐሙስ ነው፣ ነገ ያልፋል አሉ በልባቸው። እፎይታ መሰላቸው። ምነው ታዲያ ደረታቸውን እንዲህ የከበዳቸው?

*

ሐሙስ ዕለት ግን ሙዳሲር መጣ።

ከሱቁ መስጊድ ሰግዶ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ሰባራ ዲቪዲ መጻፊያ በብብቱ ይዞ መጣ። ካላዩ እስከ በሩ ሸኝቶታል፤ ቀጭን፣ አፈኛ ልጅ ነው።

«ሐጃ፣ ይቺን የመጨረሻዋን ይቅበርና እወስደዋለሁ» አላቸው በትግርኛ በሚጎተት አማርኛው። «መኪናዋ ስትመሽ ናት። ወላሂ፣ ለዚህች ሽምብራ ያፈሰሰውን እንባ ለሰው ቢያፈስ እስካሁን አግብቶ ነበር።»

«አንተስ መሄድህ ነው?» አሉት።

«ምን ላድርግ፣ ሐጃ። እዚህም ሆኜ የትም አልደረስኩ።» ፈገግ ብሎ ሄደ። ፈገግታው የልጃቸውን ፈገግታ መሰላቸውና ዓይናቸውን አዞሩ።

አኑዋር ምሳውን በልቶ ውስጥ ጋደም ብሏል። ራኩባው ውስጥ ሁለቱ ልጆች ሳይነጋገሩ ይሠራሉ። ትናንት የተባለው ቃል በመሐላቸው ቁጭ ብሏል። ሙዳሲር የዕቃውን ሆድ ፈትቶ ዳዮዷን አወጣ፤ በልማዱ ሦስቱን እግሮቿን በቀጭን መዳብ አንድ ላይ ጠመጠማቸው። እንደ ሁልጊዜው መዳቡን ለሌላ ጊዜ ሊያስቀር ፈትቶ ሊሰጣቸው ዞር አለ።

ሐጃ ዘቢብ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ምንጣፋቸውን ዘርግተው ለቀትሩ ሰላት፣ ለዙህር ቆመዋል። የሰጋጅ ፊት አይታለፍ፤ ሰጋጅም አይጠራ። ሙዳሲር ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ምን አስጠበቀኝ እንዳለ ሁሉ፣ በቀጥታ በየዳት። መዳቡን የፈታላት እግሮቿ ሰሌዳው ላይ ከተያዙ በኋላ ነው።

መነጽሩን አነሣና ለሳብሪን ዘረጋላት። ጣታቸው አልተነካካም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐጃ ዘቢብ ሰላታቸውን ጨርሰው መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተዋል። ያ ረቢ፣ አሉ። ያ ረቢ፣ ለዚህ ልጅ መንገዱን አቅናለት። መንገድ ማለታቸው ምን እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ጌታም ያውቃል። ይሂድ ማለታቸው ነው። ይሂድና ልጄን ይተውልኝ።

ቃሉ ገና ከከንፈራቸው ሳይወርድ አንድ ሽታ መጣ። ደረቅ እንጨት፣ ገና ሲጠቁር የሚሸተው።

«ሙዳሲር» አለች ሳብሪን። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። «አትዙር። አትዙር እንዳታይ። እያጨሰ ነው።»

ግድግዳውን በሁለት እጁ ያዘው።

«ንገሪኝ።»

«ጥቁር ነጥብ ሆነ። ከሰሌዳው በታች እንጨቱን ሳንቀሳቅሰው መሥመር ይሠራል። ቀጥ ያለ። እንደ ቀለም ነው።»

«ዋሽተሽኝ እንዳይሆን።»

«መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ? አጥፋውና ና እይ።»

አጠፋው። ዞረ። እንጨቱን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ጥቁሩ መሥመር ለስላሳ ሆኖ ቆዳው ውስጥ ተሰማው። ከዚያ ቀና አለ። ሳብሪን መነጽሩን ግንባሯ ላይ ሰቅላዋለች። ሳምንታት ሙሉ ከሰማያዊ መስታወት ጀርባ የነበረው ዓይን፣ ምንም ሳይጋርደው፣ ፊት ለፊት ቆሞ ያየው ነበር። ስለ እጁ የተባለው ቃል በዚያች ቅጽበት ራሱ ጢስ ሆኖ ሄደ።

ሐጃ ዘቢብ ምንጣፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። እጃቸው ገና እንደተከፈተ ነበር።

*

ደስታው ግን አልቆየም። የምሕንድስና ተማሪ ልብ፣ ነገሩ ሲበላሽ ለምን እንደሚል ሁሉ፣ ሲሠራም ለምን ይላል።

«ያው ሰሌዳ ነው» አለች ሳብሪን። «ያው ባትሪ። ያው እጅ።» እጅ ስትል ቀስ ብላ ነካችው። «በዚህች ላይ የተለየው ምንድን ነው?»

ሙዳሲር መለሰ፤ መልሱን ከመጨረሱ በፊት ግን የተጸጸተ ይመስል ነበር። «ምንም። ሐጃ እየሰገዱ ስለነበር ሳላስቀምጣት…»

ሳብሪን አያቷን አየች። ቀስ ብላ ሄዳ አጠገባቸው ተንበረከከች፤ የቶቡን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች። ከጠረጴዛው ላይ የወረቀት ብጣሾች አምጥታ ከሥሩ አስቀመጠች። ብጣሾቹ እንደ አንበጣ ዘለሉና ጨርቁ ላይ ተለጠፉ።

«በሩ የሚቆነጥጥሽ ይኼ ነው፣ ሐቦባ» አለች። «ጨርቁ ነው። ደረቅ ነፋስ ላይ ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ለሰው ቁንጥጫ ነው። ለእሷ መብረቅ ነው።»

ሐጃ ዘቢብ ምን እንደተባለ ወዲያው አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው።

«ሦስቱም» አለች ሳብሪን። «ሦስቱም እዚህ ውስጥ ነው የሞቱት። ሰሌዳው ላይ ሬሳ ነበር የምንሰካው። እሱን እጅህ ነው አልኩት። ዛሬ ማታ በረሃ ሊገባ ነበር። አንቺ አልወደድሽውም፣ ሐቦባ። ከመጀመሪያው አልወደድሽውም። ስጠኝ እኔ ላስቀምጥልህ ብለሽ…»

«ሳብሪን፣ ተይ» አለ ሙዳሲር።

«አልተውም።»

«ተይ አልኩሽ። ሐጃ ይህን ከየት ያውቃሉ? ከዚያ መብረቅ የሚጠብቃትን መዳብ እየፈታሁ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ዳዮድ በምን እንደሚያዝ የተማርኩት እኔ፣ የተማርሽው አንቺ። ሁለታችን ረሳነው። እሳቸው ከልጃቸው ቀለበት ጋር ነው ያስቀመጡልን።»

ለሐጃ ዘቢብ ስድቡ አልነበረም የከበዳቸው። ይኼ ነበር። ሊሸኙት ሲጸልዩ የነበረው ልጅ ከገዛ ልጃቸው ልጅ ሲያድናቸው። በዝምታ ተቀብለው ማለፍ ይችሉ ነበር። አላወቅሁም ማለት እውነት ነው፤ ማንም አይፈርድባቸውም። ግን እውነት ግማሹ ሲነገር ይጎመዝዛል።

«አላወቅሁም» አሉ። «አላህ ምስክሬ ነው፣ ጨርቁን አላወቅሁም። ግን ልጄ፣ ሲሞቱ ደስ ብሎኛል። እያንዳንዷ ስትሞት፣ አንተ ስትከፋ፣ እኔ እፎይ እል ነበር። አሁንም እዚህ ምንጣፍ ላይ ሆኜ ይሂድልኝ እያልኩ ነበር።»

ነፋሱ ሸምበቆውን አንሿሿው።

ሙዳሲር ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ቴስተሩን፣ መበየጃውን፣ የእርሳሱን ጥቅልል። ቁጡ አልነበረም፤ ቁጡ ቢሆን ይሻላቸው ነበር።

«ሐጃ» አለ፣ ቀና ሳይል። «አቶ አኑዋር ሽማግሌ የሚልክ ወገን የለውም ማለታቸውን ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው። እናቴ ሩቅ ናት። አባቴ የለም። ስሠራ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ብርሃኑ የሠራ ዕለት እርስዎን እለምናለሁ፣ ያዩኝ እሳቸው ናቸው፣ ከጧት እስከ ማታ ያዩኝ፣ ይናገሩልኛል እል ነበር።» ትንሽ ሳቀ። «የሞኝ ነገር።»

እንጨቷን ከጥቁር መሥመሯ ጋር ሳብሪን ፊት አስቀመጠ። አያት። ያ እይታ ረዥም ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን ምንም አልነበረውም። ወጣ። የብረቱ በር ከኋላው ተዘጋ።

ሳብሪን አልተከተለችውም። እንጨቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ በአያቷ ፊት፣ ድምፅ በሌለው ልቅሶ ታጠበች። ሐጃ ዘቢብ ይህንን ልቅሶ ያውቁታል። ከበረሃው የመጨረሻው ስልክ በተቋረጠ ማግስት ራሳቸው ያለቀሱት ነው። ሲጠብቋት የኖሩት ከዚህ ልቅሶ ነበር። ይኸው በገዛ እጃቸው አመጡላት።

ተነሡ። ጉልበታቸው ቀጭ አለ። ነጠላ ጫማቸውን በቀኝ ለግራ አድርገው ወጡ።

ልጁ ከመንገዱ ማጠፊያ ሳይደርስ አገኙት። «ቁም» አሉት። ቆመ። «ና ከኋላዬ ቁም። አትናገር።»

«ሐጃ፣ ፀሐይ ነው፣ ይግቡ።»

«አትናገር አልኩህ እኮ።»

ወደ ገዛ ቤታቸው በር ተመለሱ። ሠላሳ ዓመት ሲገቡበት ሲወጡበት አንኳኩተውት አያውቁም። አሁን በመዳፋቸው መቱት፤ ደጋግመው መቱት። ከውስጥ የእግር ኮቴ መጣ። አኑዋር ጀለቢያውን እያስተካከለ፣ ከእንቅልፉ የነቃ ፊቱን ይዞ ከፈተ።

«እማ? ቁልፍ ጠፋብሽ እንዴ?»

«አልጠፋብኝም።»

«ታዲያ ግቢ እንጂ። በዚህ ሐሩር ምን ትሠሪያለሽ?»

«አልገባም። እንግዳ ሆኜ ነው የመጣሁት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት።»

አኑዋር አያቸው፤ ከእሳቸው ትከሻ በላይ ራሱን ያቀረቀረውን ልጅ አየ፤ ተመልሶ እናቱን አየ። እንቅልፉ ከፊቱ ጠፋ።

«እማ፣ የሴት ወገን እኮ ነን። አንቺ ከዚህ በኩል ነሽ።»

«ዛሬ ከዚያ በኩል ነኝ። ሥራው ሠርቷል፤ እንጨቱ ከልጅቱ እጅ ላይ አለ፤ ገብተህ እየው። ደጃፍ ያለው ሰው ያልከው ይሆናል። ወገን የለውም ያልከውን ግን እኔ መልሼዋለሁ።»

«የማን ልጅ ነው ቢሉኝ፣ ለከሰላዎቹ ምን እላቸዋለሁ?»

«የእኔ በላቸው።»

ከግቢው ውስጥ የሳብሪን ልቅሶ ተቋረጠ። ከኋላቸው ያለው ልጅ ትንፋሹን ሲውጥ ሰሙት። አኑዋር ገባና ወንበር ይዞ መጣ፤ ከበሩ ጥላ ሥር አኖረው። «ተቀመጪ፣ እማ። ጉልበትሽን ያምሻል።»

«ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ አይቀመጥም።»

አልተቀመጡም። ልባቸው እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጣል። ይህች የማታርፍ ልባቸው ዛሬም አላረፈችም። ልጄ እምቢ ቢለኝስ፣ ልጅቱ ብትታመምስ፣ መኪናዋ ብትቀድመንስ እያለች ትመላለሳለች። መሐል ላይ ግን ያላሰቡት ጭንቀት ገብቶ ከሁሉ በላይ ቆመ። ይኼ ልጅ ኮፍያ እንኳ የለው፤ ይህ ፀሐይ አናቱን ይመታዋል። ከጧት ጀምሮ እህል ቀምሶ ይሆን? ሳይዞሩ፣ ዓይናቸውን ከአኑዋር ሳያነሡ፣ የቶባቸውን ጥላ ወደ ኋላ ዘርጋ አደረጉለት።